ባንድ እጅ የሚነዳ መኪና

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው የሚናገረው። እኔም ተናግሬያለሁ፣ ደጋግሜ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ለእግዚአብሔር መናገር ቀላል ነው። ቀድሞ ያውቀዋል፤ አይደነግጥም፤ ነገ ሥራ ቦታ ሲያገኛችሁ ፊቱን አያዞርባችሁም። እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ባለው አዳራሻችን ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ብዙ ጊዜ ማይክ ጨብጬ ቆሜያለሁ። መጠጥ እንዴት እንደተውኩ ተናግሬ ሰው አልቅሷል። ከሚስቴ ጋር እንዴት እንደታረቅኩ ተናግሬ ሰው አጨብጭቧል። ይህን ግን ሁልጊዜ ዘልዬዋለሁ። መጠጡን ስናዘዝ ያምርብኛል፣ የተጎዳሁት እኔው ነኛ። ይህ አያምርብኝም።

እኔ የአንዲት ልጅ መኪና ሰርቄያለሁ። የመጫወቻ መኪና፣ በሪሞት የሚሄድ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ያኔ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ ምን አለበት፣ መጫወቻ ነው።

መኪናውን የገዛው ኪዳነ ይባላል፣ ጓደኛዬ ነበር። ኤርትራዊ ነው፣ ግን አዲስ አበባ ያደገና እዚያው የተማረ፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ሁለታችንም ከዴንቨር ኤርፖርት ወጣ ብሎ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሻትል እንነዳ ነበር። መኪናቸውን እኛ ጋ ትተው የሚበሩትን ሰዎች ተርሚናል እናደርሳለን፣ የሚመለሱትን እናመጣለን፤ ቀኑን ሙሉ አንድ መንገድ። እሱ ሞንትቤሎ ቤዝመንት ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። ሚስቱ ወይንሸትና ልጁ ሩታ ናዝሬት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ኤርትራዊ ነህ ተብሎ ከአገር ሲባረር ሩታ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ አላያትም። ተመልሶ መግባት አይችልም፣ የአሜሪካ ወረቀቱም ገና አላለቀም።

ሩታ ግራ እጇ የተቃጠለ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት የፈላ ውሃ ያለበት ማንቆርቆሪያ ስባ በላይዋ ደፋችው። ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀሩ። በዚያ ቀን ይጠብቃት የነበረው ኪዳነ ነው። ወይንሸት ገበያ ሄዳለች፣ እሱ ጋዜጣ ያነባል። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሻትሉ ውስጥ ተሳፋሪ ስንጠብቅ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

«ጋዜጣውን እስካሁን መስመር በመስመር አስታውሰዋለሁ» አለኝ። «ምን እንደሚል ልንገርህ?»

አልፈልግም አልኩት። በየሳምንቱ ካርድ ፍቆ ይደውልላት ነበር። ስለ ትምህርቷ ይጠይቃታል፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ወለቀው ጥርሷ። ስለ እጇ ግን አንድም ቀን አንስቶባት አያውቅም። ይፈራ ነበር። ትልቅ ሰው ሰባት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ይፈራ ነበር።

ሰባት ዓመቷ ሲደርስ ምን ልላክልሽ አላት። በሪሞት የሚሄድ መኪና አለችው። የጎረቤት ልጆች እንዳላቸውና «አንቺ አትችዪም» ብለው እንደማያስነኳት የነገረችው ወይንሸት ነች፣ ሩታ አይደለችም። እኔ በዚያን ጊዜ ለገና አገር ቤት ልሄድ ትኬት ቆርጬ ነበር። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ የራሱ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ የአንዱን መድኃኒት፣ የሌላውን ጫማ፣ የሦስተኛውን ፎቶ ተሸክሞ ነው የሚበረው። እምቢ የሚል የለም፣ ነገ በተራው እሱም ይልካል።

«ተሼ፣ አንድ ዕቃ ትይዝልኛለህ? ሻንጣህን አያከብድም» አለኝ ኪዳነ።

«ምን ችግር አለ!» አልኩት።

መኪናውን ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሦስት ሳምንት! እኔ የምነዳውን መኪና ስገዛ ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። በዕረፍት ቀናችን እየነዳሁ የማዞረው እኔ ነበርኩ፣ እየቀለድኩበትም የነበርኩት እኔ ነኝ። አውሮራ ያለው ትልቅ የመጫወቻ መደብር ገብቶ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ይቀራል። አንዱን ያነሳና ጎማው ትንሽ ነው ይላል፤ ግቢያቸው ጠጠር ነው፣ አይሄድም። ሌላውን ያነሳና ባትሪው ቻርጅ የሚደረግ ነው ይላል፤ ቻርጀሩ የመቶ አሥር ነው፣ ናዝሬት ሁለት መቶ ሃያ፣ በተሰካ በደቂቃው ይቃጠላል። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ መሆን አለበት። ደግሞ በጣም ፈጣን መሆን የለበትም፣ ግድግዳ ገጭቶ ከተሰበረ ተስፋ ትቆርጣለች።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሲገኝ ሪሞቱን ይይዛል። ግራ እጁን ሱሪ ኪሱ ውስጥ ይከትና በቀኙ ብቻ ሊነዳ ይሞክራል። አይሆንም። ሁሉም ሪሞት ሁለት ማንሻ ነው ያለው፤ በግራ አውራ ጣት ወደፊትና ወደኋላ፣ በቀኝ አውራ ጣት ወደ ጎን። ባንድ እጅ ከያዛችሁት መኪናው ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳ ይገጫል፣ አበቃ። ሠራተኞቹ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ከመጫወቻ ጋር የሚታገለውን ጎልማሳ ያዩታል። እኔ አፍሬ ወደ ሌላ መደርደሪያ እሄድ ነበር።

«ኪዳነ፣ አንዱን ውሰድና እንሂድ፤ ልጅ ነች፣ ትለምደዋለች» አልኩት በሁለተኛው ሳምንት።

«እሷ የማይሆንላትን ነገር መልመድ አልሰለቻትም ብለህ ነው?» አለኝ።

በመጨረሻ አንድ ተሳፋሪ እንግልውድ ያለች ትንሽ ሱቅ ጠቆመው፣ በሪሞት የሚሄድ ነገር ብቻ የምትሸጥ። ባለቤቱ ነጭ ሽማግሌ ነው። ኪዳነ በዚያ ጥንቅቅ ባለ እንግሊዝኛው ስለ ልጁ እጅ ነገረው። ለእናቷ እንኳ ደፍሮ የማያነሳውን ለማያውቀው ሰው ነገረው። ሽማግሌው ጓዳ ገብቶ ቆየና አንድ አቧራ የጠጣ ካርቶን ይዞ ወጣ። ሪሞቱ ሰፊ ነው፣ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ መሃሉ ላይ እንደ ማርሽ ዘንግ አንድ እጀታ ብቻ ቆሟል። ወደፊት ሲገፉት ይሄዳል፣ ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ይታጠፋል። ከእንግዲህ የማይሠራ ዓይነት ነው፣ ይቺ አንዷ ብቻ ነች የቀረችኝ አለ ሽማግሌው።

ኪዳነ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ግራ እጁን ኪሱ ከቶ ነዳው። በመደርደሪያዎቹ መሃል፣ በሽማግሌው እግሮች መሃል፣ ዞሮ ወደ እኔ። ያ ሰው እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ዕቃውን ሲያስረክበኝ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ስለ እጇ ምንም እንዳትላት፣ አደራህን። እኔም በስልክ አላነሳባትም። ስትይዘው ራሷ ይገባታል።»

አደራ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ።

የመጀመሪያውን ጥፋት የሠራሁት ገና እዚሁ አውሮራ ነው። ካርቶኑ ቦታ ይዞ ሻንጣው አልዘጋ አለኝ። ካርቶኑ ላይ ኪዳነ በትልልቅ ፊደል «ሩታ ኪዳነ» ብሎ ጽፎበት ነበር። መኪናውንና ሪሞቱን በፎጣ ጠቀለልኩና ካርቶኑን ከነስሟ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት። ያኔ ክፋት አልነበረብኝም። ግን ስሟ ላዩ ላይ ቢኖር ኖሮ ቀጥሎ የሆነው አይሆንም ነበር፣ ስለዚህ ይህንንም እቆጥረዋለሁ።

አዲስ አበባ ያረፍኩት ወንድሜ በላይ ቤት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሻንጣ እንዴት እንደሚከፈት የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ብቻችሁን አትከፍቱትም። ሳሎን መሃል ይቀመጣል፣ ዘመድ ዙሪያውን ይከባል፣ እያንዳንዱ ዕቃ እየወጣ ባለቤቱ ይጠራል፣ ይመረቃል። ለወንድሜ ጃኬት አወጣሁ። ለሚስቱ ለጽጌ ሽቶና ጫማ አወጣሁ። ለአክስታችን ሹራብ አወጣሁ። ለወንድሜ ልጅ ለናሆም ካፖርት አወጣሁ። ልጁ ለበሰው። እጅጌው ክርኑን ትንሽ አልፎ ቆመ። የልጁን ዕድሜ በሁለት ዓመት አሳንሼ ኖሯል። አንድ ወንድም አለኝ፣ አንድ የወንድም ልጅ አለኝ፣ ዕድሜውን አላውቅም ነበር። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። ጽጌ ነገሩን ለማለፍ ብላ እጇን ሻንጣው ውስጥ ሰደደችና ፎጣውን ጎትታ አወጣች።

«እንዴ! ዋናውን ደብቀህ ነው እንዴ የምታስለቅሰው?» አለች።

መኪናው ወጣ። ልጁ ጮኸ። ወንድሜ ሳቀ፣ ፊቱ በራ፤ ወንድሙ ልጁን አልረሳውም። አክስታችን ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «አጎት ማለት እንዲህ ነው፣ እደግ! ዘርህ ይባረክ!» ብለው መረቁኝ።

እኔ ምን አልኩ? «የሰው አደራ ነው» ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አፌን ከፍቼ ነበር፣ ይህን አስታውሳለሁ። ሁሉም ያዩኛል። ልጁ መኪናውን ደረቱ ላይ ለጥፎታል። እኔም ፈገግ አልኩና «ቀስ ብለህ ንዳው» አልኩት። ያደረግኩት ይህንን ነው። ይሉኝታ ነው ትሉኝ ይሆናል። ስንት ዓመት እኔም እንዲሁ አልኩ። ይሉኝታ ለአንድ ሰዓት ነው፤ እንበል ለአንድ ቀን። እኔ ወንድሜ ቤት ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። በዘጠኙም ቀን ወንድሜን ወደ ጎን ጠርቼ ማለት እችል ነበር። በላይን አውቀዋለሁ፤ ቢሰማ ኖሮ በዚያችው ደቂቃ መኪናውን አጽድቶ ይሰጠኝ ነበር። የፈራሁትም ይህንኑ ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ጽጌ ታፍራለች፣ አክስታችን ምርቃታቸውን ውጠው ይቀራሉ፣ እኔም የወንድሙን ልጅ ዕድሜ የማያውቀው የአሜሪካው ሰውዬ እሆናለሁ። ለዚህ ብዬ የሌላ ሰው ልጅ ሸጥኩ።

በአሥረኛው ቀን መርካቶ ሄጄ ሌላ መኪና ገዛሁ። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከኪዳነ መኪና ይልቅ ዓይን የሚስብ። ባለ ሱቁ ሪሞቱን አሳየኝ፤ ሁለት ማንሻ አለው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ረስቼ አይደለም። ኪዳነ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ወለል ላይ የተንበረከከው ፊቴ ላይ ድቅን ብሎ ነው ከኪሴ ብር ያወጣሁት። ለራሴ ያልኩትንም አስታውሰዋለሁ፤ ልጅ ነች፣ መላ አታጣለትም አልኩ። ደግሞም ሴት ልጅ በመኪና ስንት ቀን ልትጫወት ነው አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደግኩት።

ናዝሬት ወይንሸት በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ሩታ በእናቷ ጀርባ ቆማለች። ረዥም እጅጌ ያለው ሹራብ ለብሳለች፣ በዚያ ሙቀት። ግራ እጇ እጅጌው ውስጥ ነው። አባቷን ትመስላለች፤ ያን የኪዳነን ሰፊ ግንባር ይዛለች። ዕቃውን ስሰጣት በቀኝ እጇ ተቀበለችና ጉንጬን ሳመችኝ። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት የጎረቤት ልጆች ተሰብስበዋል። አባቴ መኪና ልኮልኛል ብላ ለሁሉም ተናግራ ኖሯል።

ባትሪውን እኔ አስገባሁላት። ሪሞቱን ያዘች። በቀኝ አውራ ጣቷ አንዱን ማንሻ ገፋች፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄዶ አጥሩን ገጨ፣ እዚያው እያጓራ ቀረ። አንስታ መልሳ አመጣችው። ደግማ ገፋች፣ ደግሞ አጥሩን ገጨ። ሪሞቱን ጉልበቶቿ መሃል አድርጋ ሞከረች። በአገጯ ሞከረች። ከዚያ ግራ እጇን ከእጅጌው አወጣች፤ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት አወጣችውና በተጣበቁት ጣቶቿ ማንሻውን ልትጫን ሞከረች። አንሸራተታት። ደጋግማ ሞከረች። እኔ ቆሜ አያለሁ። ልጆቹም ያያሉ፣ አንዳቸውም አልሳቁም። ቢስቁ ይሻል ነበር።

አንዱ ልጅ «ስጪኝ፣ እኔ ልንዳልሽ» አላት። ሰጠችው። መጥታ ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን ወደ እጅጌው መለሰች። ሌሎቹ ልጆች በመኪናዋ ሲጫወቱ ጥቂት አየች።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እናቷ እንዳትሰማ፤ «አባዬ እጄን ረስቶት ነው?»

እዚህ ላይ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ጊዜ ነበር። መኪናው ወንድሜ ቤት ነው፣ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር፤ በዚያው ቀን ሄጄ አምጥቼ ማስረከብ እችል ነበር። ቢያንስ አልረሳም ማለት እችል ነበር። ሩታ፣ አባትሽ ስለ እጅሽ ሦስት ሳምንት ሱቅ ለሱቅ ዞሯል፤ ዕቃው ተሳስቶ ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ምን ነበረበት?

«ሥራ ይበዛበታል» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ።

መኪናውን መውሰዴ ሌብነት ነው። ይህ መልስ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ አባቷ ጠየቀችኝ፤ እኔ ራሴን ለማዳን ብዬ አዎን፣ ረስቶሻል አልኳት። ሌላ ቃል ተጠቀምኩ እንጂ ያልኳት ይህንኑ ነው።

ልወጣ ስል ወይንሸት ልጇን በር ጥግ ይዛ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። «በስልክ እንዲህ ሆነብኝ እንዳትዪው። ከስንት አገር ልኮልሽ ይታማል እንዴ? አመሰግናለሁ፣ ወድጄዋለሁ ነው የሚባለው፤ ሰማሽ?» ጨዋ ሴት ነች፣ ልጇንም ጨዋነት ነው ያስተማረቻት። እኔ ግን ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? እፎይ አልኩ።

ዴንቨር ስመለስ ኪዳነ በሻትሉ መጥቶ ተቀበለኝ። ገና ከተርሚናሉ ሳንርቅ ጠየቀኝ።

«ባንድ እጇ ነዳችው?»

«እንደ ሾፌር!» አልኩት።

ሻትሉን ከመንገዱ ዳር ፓርክ አድርጎ መሪው ላይ ተደፋ። አለቀሰ። ፎቶውስ አለኝ፤ ፎቶ አንስተህ አምጣልኝ ብሎኝ ነበር። ፊልሙን ኤርፖርት ላይ ማሽኑ አቃጠለው አልኩት። አመነኝ። ከዚያ በኋላ በየምሳ ሰዓቱ ያስደግመኝ ጀመር። «እስቲ ደግመህ ንገረኝ፤ እጀታውን ስትይዘው ምን አለች?» እኔም እነግረዋለሁ። ሳቀች እለዋለሁ። ግቢው ውስጥ ባለው ዛፍ ዙሪያ አዞረችው እለዋለሁ። የጎረቤት ልጆች ተራ ለመኗት እለዋለሁ። በየጊዜው የሆነ ነገር እጨምርበታለሁ። ቆይቶ እኔ ራሴ እውነት እስኪመስለኝ ድረስ አወራሁለት።

በስልክ ሩታ «አመሰግናለሁ፣ ወድጄዋለሁ» ብላዋለች፣ እንደታዘዘችው። እሱም ስለ እጇ አላነሳም፣ እንደፈራ ነው። እሷም ስለ እጇ አላነሳችም። ከዚያ ቀስ በቀስ መልሷ አጠረ። ከዚያ ስትጠራ አትመጣም፤ ጥናት ላይ ነች ትላለች ወይንሸት፣ ጎረቤት ሄዳለች። ካርዱ ከሚስቱ ጋር በማውራት ያልቃል። ኪዳነ «እያደገች ነው፣ አፍራ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አዎ፣ እያደገች ነው እለው ነበር።

አራት ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። ወረቀቱ አለቀለትና ቤተሰቡን ለማምጣት አመለከተ። ሴንቴኒያል የሚኖር አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ልጆቹ ይተኙበት የነበረውን አልጋ ሰጠው፤ ሞንትቤሎ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቶ አልጋውን እኔና እሱ ተሸክመን አስገባን። ወይንሸት ተስማምታለች። ከዚያ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ደወለልኝና ሄድኩ። ቤቱ አላስገባኝም፤ ወጥቶ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጠ።

«ሩታ አልሄድም አለች» አለኝ። «ወይንሸትም ያለሷ አትመጣም።»

«ለምን?» አልኩት። እኔ ለምን ብዬ ጠየቅኩ!

«ገብቶኛል ለምን እንደሆነ። ውሃው ነው፣ ተሼ። ትልቅ ሆነች፣ አሰበችው። በዚያ ቀን ማን ይጠብቃት እንደነበር ነግረዋት ይሆናል። ይቅር አላለችኝም።» መዳፎቹን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ነበር። «እውነቷን ነው» አለ።

እኔ አውቅ ነበር። ልጅቷ ስለ ውሃው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የጠየቀችኝን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። በዓለም ላይ ያንን ሰው ከዚያ መቀመጫ ቀና ሊያደርገው የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ጎኑ ተቀምጬአለሁ፣ ትከሻችን ይነካካል። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ «ጸልይ» አልኩት። መጽሐፍ ቅዱሴ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ጸልይ አልኩት።

ኪዳነ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በአንድ የክረምት ጠዋት፣ በረዶ ጥሎ ባደረበት ቀን፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቀ ሻትሉ ውስጥ ልቡ ቆመ። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ እንደበራ ነበር። የልብ ድካም ነበረበት አሉ ሐኪሞቹ፣ እኔም ሌላ ምክንያት አልፈጥርም፣ ገደልኩት ብዬ ራሴን አላጋንንም። ግን ልጄ አልማረችኝም ብሎ እያሰበ ነው የሞተው። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሐዘን የተቀመጥነው እዚያው ሞንትቤሎ ቤቱ ነው። ናዝሬት ተደውሎ ስልኩ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። ሩታ ነበረች። ድምጿ ጎርንኗል።

«ጋሼ፣ ስለ እኔ ያወራ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አልኳት።

እንዳላመነችኝ አውቃለሁ። እንድታምነኝ የሚያደርገውን አንዱን ነገር ደግሞ አልነገርኳትም፤ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ይሰሙኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። አባቷን የሚያውቅ እኔ ነኛ የቀረሁላት። እንኳን አደረሰህ ትለኛለች፤ ስለ ትምህርቷ ትነግረኛለች፤ አንደኛ ስትወጣ ከወይንሸት ቀጥሎ የምትነግረው ለእኔ ነው። ኪዳነ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አምስት ደቂቃ ያላገኘውን ድምጿን እኔ ግማሽ ሰዓት እሰማዋለሁ። ደስ ይለኛል ብላችሁ ታምናላችሁ? ደስ ይለኛል። በዓል ሲቃረብ ስልኩን እያየሁ እጠብቃለሁ። መኪናውን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁት፣ ልጅቷን ደግሞ ለራሴ ወሰድኳት።

ባለፈው ፋሲካ፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። «ያኔ አልመጣም ያልኩት ጠልቼው አይደለም» አለችኝ። «አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እጄን እንኳ የማያስታውስ ሰው ቤት ሄጄ፣ ሲያየው እንደ አዲስ ሲደነግጥ ማየት ፈራሁ።» አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን ስትለኝ አላለቀሰችም። እኔ ምን አልኳት? እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት።

ለምን አልነገርኳትም? ምክንያት አልደረድርም፤ አንድ ብቻ ነው። ብነግራት ዳግመኛ አትደውልልኝም።

እንግዲህ ለእናንተ ነገርኳችሁ። ለማታውቁኝ፣ ለማላውቃችሁ፣ ምንም ለማትቀሙኝ። ልባችሁ የሚራራ ካላችሁ፣ ጊዜው አልፏል፣ ተጸጽቷል፣ ይቅር ይበለው ልትሉ ትችላላችሁ። ተዉት። ይቅር የማለት መብት ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ነች፣ እሷ ደግሞ ይቅር የምትለው ነገር እንዳለ እንኳ አታውቅም። እኔ ይህን ጽፌ ስጨርስ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ናዝሬት ያለችው ሩታ ግን ዛሬም ጠዋት አባቷ እንደረሳት እያመነች ተነስታ፣ ግራ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ከታ፣ ትምህርት ቤት ሄዳለች።